ቁጥሩን ማን አነበበልህ?

«ለዚያ ሰውዬ፣ ወረቀት አልቋል በይልኝ» አለች ሚስት።

መልእክቱን እንድታደርስ የታዘዘችው ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ የመጣች ተማሪ ናት። «ያ ሰውዬ» የተባለው ደግሞ የሴትየዋ የገዛ ባሏ ነው። የተቀመጠውም እጁን ቢዘረጋ ትከሻዋን በሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ተማሪዋ ግራ ገባትና አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች።

«ወረቀት አልቋል ተብሏል» አለች በመጨረሻ።

«ከመደርደሪያው ሥር ሌላ እሽግ አለ በያት» አለ ባል፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። ከፊት የፎቶ ኮፒው ማሽን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጉርድ ፎቶ የሚነሣበት በርጩማ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የሰውን ድምፅና ፎቶ ወደ ሲዲ የሚገለብጡበት አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ባልየውን ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ምህንድስና ተምሮ አይደለም። ድሮ የአንድ ጎረቤት ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም አንድ እፍኝ ብሎን ተረፈው፤ ሬዲዮው ግን ከቀድሞው አብልጦ ጮኸ። ስሙ የወጣለት ያን ዕለት ነው።

የኩርፊያው መነሻ ጉርድ ፎቶ ነበር። ኢንጂነሩ የአንዷን ሴት ፎቶ ለሌላዋ ሰጣት። ሴትየዋ ፎቶውን አየት አድርጋ «ይህቺ እኮ እኔ አይደለሁም» ብትለው፣ «ፎቶ ላይ ሰው ትንሽ ለወጥ ይላል» ብሎ ተከራከራት። ሴትየዋ «ለወጥ ይላል እንጂ ጥርሱ ወርቅ ይሆናል?» ስትል ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ። ይህ ብቻ ቢሆን ያልፍ ነበር። ሚስቱ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ፣ «ኧረ ተይው እህቴ፣ እሱ ቅርብ አያይም! መነጽር ግዛ ስለው፣ አርጅቻለሁ ወይ እያለ ይቆጣኛል» አለች። በሰው ፊት እንዲህ መባሉ አንጀቱን አሳረረው። ማታ ቤት ሲገቡ አንዲት ቃል አልወጣውም። እሷም «ይብላኝልህ» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በደንበኛ በኩል ሆነ። ደንበኛ ከሌለ ደግሞ ግድግዳው አለ፤ እሷ ለግድግዳው ትናገራለች፣ እሱ ለጣሪያው ይመልሳል።

በዚያው ሳምንት የልብስ ሰፊው ልጅ መጣች።

ልብስ ሰፊው የኢንጂነሩ ጎረቤት ነው። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው ስስ የእንጨት ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን ሳያቋርጡ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው በኩል ሲሰዳደቡ ይውሉ ነበር። ስድባቸው ከፍቅር የመጣ መሆኑን የማያውቅ እንግዳ፣ ፖሊስ ልጥራ ወይ እስከ ማለት ይደርሳል። ታዲያ ልብስ ሰፊውን አንድ ጠዋት ሱሪ እየተኮሰ ሳለ ስትሮክ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እጁም ማንኪያ መያዝ ቻለ። አንደበቱ ግን ታሰረ። የሚለውን ያውቃል፣ የሚሉትን ይሰማል፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ አልወጣም ይለዋል።

የተሐድሶ ማዕከሉ ተቀበለው። የንግግር ሐኪሟ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ሰጠችው፤ በየቀኑ እያየ ስማቸውን ሊጠራ ይለማመዳል። በወር አንድ ጊዜ ልጁ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያሳየችው ድምፁን ትቀዳለች። ሐኪሟ የየወሩ ቅጂ በአንድ ሲዲ ላይ በተራ እንዲቀመጥላት ትፈልጋለች። «ብትንትን ብሎ ከመጣ ማወዳደር አልችልም» ብላለች። ማዕከሉ ቫይረስ ፈርቶ የኮምፒውተሮቹን የፍላሽ ቀዳዳ ደፍኖታል፤ ከሲዲ በቀር የሚያስገባው ነገር የለም። የልጅቷ መቅጃ ደግሞ ትንሽዬ ስለሆነች በየወሩ ሲዲው ላይ ከተገለበጠ በኋላ ባዶ ትደረጋለች። የኢንጂነሩ ኮምፒውተርም ሆዱ ጠባብ ነውና የሰው ዕቃ አያሳድርም። የሰውዬው የአምስት ወር ልፋት ያለው እዚያች አንዲት ሲዲ ላይ ብቻ ነበር።

«ነገ ጠዋት ግምገማ አለብን፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ ሲዲውንና መቅጃዋን እያቀበለችው። «መሻሻሉን ካላዩ ቦታውን ወረፋ ለያዘ ሌላ ሰው ይሰጡታል። አባዬም ተስፋ እየቆረጠ ነው። ምንም ለውጥ የለኝም ብሎ ካርዶቹን መወርወር ጀምሯል።»

«አይዞሽ፣ አሁን ትወስጂዋለሽ» አላት ኢንጂነሩ።

አንድ ሲዲ ላይ በየጊዜው እየጨመሩ መጻፍ ቤት ላይ ክፍል እየቀጠሉ እንደ መሥራት ነው። አዲስ ክፍል በተቀጠለ ቁጥር አዲስ ማውጫ ይጻፋል፤ ማውጫው ደግሞ የአዲሱን ክፍል ብቻ ሳይሆን የድሮዎቹንም በር የሚያሳይ መሆን አለበት። ለዚህም ማሽኑ ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፦ የመጨረሻው ክፍል የት እንደጀመረና አዲሱ የት እንደሚጀምር። የኢንጂነሩ ኮምፒውተር በጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ እንጂ በሥዕል የሚነካካ ዓይነት አይደለም። ትእዛዙን ኢንጂነሩ በቃሉ ያውቀዋል። ማሽኑ ቁጥሮቹን በነጠላ ሰረዝ ለይቶ ያወጣቸዋል። እሱ ግን አያያቸውም፤ ጉንዳን በጥቁር መሬት ላይ ሲሄድ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የሁለቱ የሥራ ልማድ ይህ ነበር፦ ሚስት ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ታነባለች፣ ባል ይጽፋል፣ ከዚያ እሷ ደግማ ታነባለች፣ እሱ «አዎን» ይላል። ከዓመት ዓመት አንዴም ስተው አያውቁም።

ያን ዕለት ግን ኩርፊያ ላይ ናቸው።

ኢንጂነሩ ትእዛዙን ጻፈ፤ ቁጥሮቹ ወጡ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት ይሁን ስምንት፣ አንድ ይሁን ሰባት ሊለይ አልቻለም። ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚስቱ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገች። እንደገና ጠራረገ። «ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ ትኩስ ነገር ይጠጣ» አለች ለግድግዳው። ልጅቷን አንብቢልኝ እንዳይላት፣ ሚስቱ ያለችው እውነት መሆኑን በገዛ አፉ መመስከር ሆነበት። ከዚያ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። ቁጥሩን ባልነግረውስ? ማሽኑ ከፈለገ ይጠይቀኝ የለ?

ማሽኑ አልጠየቀም። ቁጥር የሌለውን ትእዛዝ እንደ ሌላው ሁሉ ተቀበለ፣ ጥቂት አጉረመረመ፣ ከዚያ ምላሱን እንደሚያወጣ ልጅ መሳቢያውን አውጥቶ ሲዲውን መለሰለት። ኢንጂነሩ ከፍቶ ሲያይ ፋይል መኖሩ ይታየዋል፤ ስንት መሆኑን ግን አልቆጠረም። በልማዳቸው እየከፈተች ስም የምትጠራው ሚስቱ ነበረች። ከመቅጃዋ ላይ ያለውን አጥፍቶ ልጅቷን ሸኛት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍተው ገና ወለሉን ሳይጠርጉ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ» አለች የልብስ ሰፊው ልጅ። «ማዕከል ነን። ሲዲው ላይ ያለው የዚህ ወር ብቻ ነው። የድሮዎቹ የሉም። ሐኪሟም ሁለት ጊዜ አየችው፣ የሉም!»

ኢንጂነሩ ክው አለ። አፉ ግን ከልቡ ቀደመ። «የነሱ ማሽን ይሆናላ! የመንግሥት ማሽን አይደል እንዴ፣ አቧራ ጠጥቶ ጠጥቶ…»

«ቁጥሩን ማን አነበበልህ?»

ድምፁ ከኋላው ነው የመጣው። ሚስቱ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማለች። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ በቀጥታ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ አያት። ሊዋሽ ፈለገ፤ ለእሷ መዋሸት ደግሞ ከድሮም አይሆንለትም።

«ማንም» አለ። «ዘለልኩት።»

ትሰድበኛለች ብሎ አንገቱን ቀበረ። እሷ ግን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስልኩን ከደረቱ ላይ ወሰደችው። «የኔ ልጅ፣ ስሚኝ። ተራችሁ መቼ ነው? … ከምሳ በፊት? … በቃ፣ ሲዲውን ማንም እንዳይነካው። ከዚያ ንቅንቅ አትበሉ፣ እየመጣን ነው።»

«በምን ልናየው ነው የምንሄደው?» አለ ኢንጂነሩ። «የነሱን ኮምፒውተር አያስነኩንም። ቢያስነኩኝስ በምን አውቄው? እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።»

ሚስቱ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች።

አውቶቡሱ ላይ የነበረው ሰው ያን ጠዋት በነጻ ተዝናና። ኢንጂነሩ የኮምፒውተሩን ሣጥን ሕፃን እንዳቀፈ ሰው አቅፎ፣ ሚስቱ ስክሪኑን በአንሶላ ጠቅልላ፣ ኪቦርዱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ የሽቦው መዓት ከቦርሳዋ እየተንጠለጠለ ገቡ።

«ቤት እየለቀቃችሁ ነው?» አለ አንዱ ተሳፋሪ።

«ባሌን ልመልሰው ነው» አለች ሚስት። «ይህ ጥሎሹ ነው።»

አውቶቡሱ ሳቀ። ኢንጂነሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየችው። መጀመሪያ የሚስቅ መስሏት ነበር። ጠጋ ብላ ስታየው ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አጠፋሁት» አለ በሹክሹክታ። «አምስት ወር ሙሉ ምላሱን እንደ ድንጋይ እያነሣ ያወጣውን ቃል፣ አንቺን ላለመለመን ብዬ አጠፋሁበት። ከማዕከሉ ቢያስወጡት በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«እስቲ መጀመሪያ መጥፋቱን እንወቅ» አለች። «ለደንበኛ ሁሉ ‹ሲዲ አንዴ ከተጻፈ አይሰረዝም› እያልክ የምትሸጠው አንተ አይደለህ እንዴ? ወይስ እሱንም ለሰው ብቻ ነው የምትናገረው?»

ኢንጂነሩ ሣጥኑን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ።

የማዕከሉ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ኮምፒውተር ይዞ መግባት አልተከለከለም» አለ አሰብ አድርጎ። «ጣጣው ሲወጣ ነው። ስትወጡ ሌባ ብትመስሉ እንኳ ይዛችሁት እንደገባችሁ እመሰክራለሁ፣ ግቡ።»

መተላለፊያው ረጅምና ነጭ ነው፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል። ክራንች ያለው፣ አንገቱ የታሰረ፣ እጁ በጨርቅ የተንጠለጠለ ሰው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊው ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወዳጁ ኮምፒውተር ተሸክሞ፣ ላቡን በክርኑ እየጠረገ ሲመጣ ባየው ጊዜ የአፉ አንድ ወገን ወደ ላይ ሄደ። አንድ ነገር ሊል አሰበ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አልወጣለትም። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ኢንጂነሩን ከሁሉ በላይ የጎዳው ይህ ነበር። ያ ወዳጁ በደኅናው ቀን ኮምፒውተር ተሸክሞ ቢያየው ኖሮ ለወር የሚበቃ ስድብ ባወጣለት ነበር።

ልጅቷ ተነሥታ መጣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት ኢንጂነሩ፣ ሣጥኑን ገና ሳያስቀምጥ። «የማሽናቸው አይደለም። ቁጥር ማየት አቅቶኝ፣ እሷን እንዳልጠይቅ ኩራት ይዞኝ ዘለልኩት። ብትቆጪ መብትሽ ነው።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዘወር ብላ አየች። «አባዬ እንዳይሰማህ፣ ድምፅህን ቀንስ» አለች። «ቁጣው ይቆየንና አሁን የሚሠራውን ሥራ።»

ሶኬት ከክብደት መለኪያው ጀርባ ተገኘ። ስክሪኑን አግዳሚው ላይ አቆሙት፤ ኪቦርዱን ኢንጂነሩ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ኮምፒውተሩ ጉዞው ያናወጠው ይመስል ረጅም ጊዜ ሲያጉረመርም ቆየና ጥቁር ገጹን አወጣ። ሕመምተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። የታሰረ አንገት ያለው እንኳ ከነሙሉ ገላው ዞረ።

ሚስት ሲዲውን ከልጅቷ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አጋደለችው። ከሥሩ፣ ከመሐል ወደ ውጪ፣ ጠቆር ያለ ሰፊ ሰሌዳ አለ፤ በላዩ ላይ ቀጫጭን ቀለበቶች እርስ በርስ ተከባብበው ይታያሉ።

«ና እይ» አለችው። ከዚያ ትዝ አላትና፣ «ወይም እመነኝ። የተጻፈበት ይኼን ያህል ሰፍቷል። ያንድ ወር ብቻ ቢሆን ከመሐል ቀበቶ የምታህል መስመር ነበር የሚኖረው። ቀለበቶቹም አሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… የነበረው ሁሉ አለ። በሩን ነው ያጠፋኸው እንጂ ክፍሎቹን አላፈረስካቸውም።»

ኢንጂነሩ ትንፋሹን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ሲዲውን አስገባና ማሽኑን የያዝከውን ዘርዝር አለው። ቁጥሮች በሰልፍ ወረዱ። እያንዳንዱ የመጻፊያ ዙር፣ ማለትም እያንዳንዱ የተቀጠለ ክፍል፣ ከየት እንደጀመረ የሚናገሩ ናቸው፤ ለኢንጂነሩ ግን ያው ጉንዳን።

ሚስት ከትከሻው በላይ ጎንበስ አለች። ያ ሁሉ ኩርፊያ በመሐላቸው እንዳልነበረ ሁሉ ትንፋሿ ጆሮውን ነካው።

«የመጀመሪያው ዙር የሚጀምረው ከባዶ ነው» አለች።

«በይ እንግዲህ፣ ንባብህን ከባዶ ጀምር ልበለው» አለ፤ ጻፈ።

አንድ ፋይል ወጣ። ሚስት ስሙን አነበበች። የመጀመሪያው ወር።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ኢንጂነሩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አለ» አለ፤ «አለ፣ አልጠፋም!» ክራንች የያዘው ሰው ምን እንደተገኘ ባያውቅም «ተመስገን» አለ።

«አሁን ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን…» ስትል ሚስት፣ ኢንጂነሩ እጁን አነሣ።

«ቆይ ቆይ። አያስፈልግም። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ቁጥሩን አንቺ አንብበሽልኛል። ስለዚህ የአምስተኛው ዙር ማውጫ ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ያውቃቸዋል። ስድስተኛው ነው ደንቆሮው። የአምስተኛውን ቁጥር ብቻ ስጪኝ።»

እሷ አንድ በአንድ ጠራችለት፤ እሱ አንድ በአንድ ጻፈ። ደግማ አነበበች። «አዎን» አለ። ቁልፉን ተጫነ።

አምስቱም በተራ ተሰልፈው ወጡ።

ወደ ኮምፒውተሩ ሆድ መገልበጥ ጀመሩ። ሁለቱ ወዲያው ገቡ። ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ተንተባተበ፤ ጭረት ኖሮበት ይሆናል፣ ይጎትታል፣ ይቆማል፣ ይጎትታል። በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ ሐኪሟ ብቅ አለች። «አባባ፣ የእርስዎ ተራ ነው» አለች፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ የተዘረጋውን ሱቅ አይታ ቆመች።

«ዶክተር፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ» አለች ሚስት። «እንጀራችንን ነቅለን ነው የመጣነው።»

«ኃላፊው ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ማስጠበቅ አልችልም…»

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ቸከል አድርገው ተነሡ። «እኔ ልቅደም። እኔ ስለ ጉልበቴ ማውራት ከጀመርኩ ኃላፊውም ምሳቸውን ይረሳሉ። እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፣ ልጆቼ።» ሐኪሟ ሳቀችና አስገባቻቸው።

ሦስተኛው ወር በመጨረሻ አለፈ። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛውም ተከተሉ። ሚስት ከቦርሳዋ አዲስ ባዶ ሲዲ አወጣች። ኢንጂነሩ ስድስቱንም በአንድ ማውጫ አስሮ የመጻፊያውን ትእዛዝ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ግን ጣቱ ቆመ። ማሽኑ አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ሲዲው ከዚህ በኋላ ተዘግቶ ይቅር ወይስ ሌላ ዙር ይጨመርበታል? ክፍት እንዲሆን ከተፈለገ «መልቲ» የምትለዋ ቃል ትጻፋለች፤ ካልተጻፈች ሲዲው ለዘለዓለም ይታሸጋል።

«ልዝጋው?» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ካስወጡት የሚጨመርበት ነገር አይኖርም።»

ሚስቱ ወደ ልብስ ሰፊው አየች። ልብስ ሰፊው እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን ይመለከታል፤ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል።

«አንተ ምን ታስባለህ?» አለችው።

ኢንጂነሩ ወደ ኪቦርዱ ዞረ። መልቲ ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ከጀርባው ቆማ ስለነበር አየችው፤ ምንነቱን ግን አልጠየቀችም።

አሮጊቷ ቃላቸውን ጠብቀው ነበርና ሲወጡ ሲዲው ገና ትኩስ ነበር። ሐኪሟ ልብስ ሰፊውን ከነልጁ አስገባች። ባልና ሚስቱንም «እናንተም ግቡ፣ ደግሞ አልከፍት ቢል» አለቻቸው።

ኃላፊው ሸምገል ያለ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይመስልም። «አባባ፣ በግልጽ ልንገርዎት» አለ። «በራችን ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። እኔ የማየው ለውጥ መኖሩን ነው። ለውጥ ካለ ይቀጥላሉ፤ ከሌለ ለሌላው ቦታ መልቀቅ ግድ ይሆናል።»

ሐኪሟ ሲዲውን አስገባች። ስድስት ፋይል። የመጀመሪያውን ነካች።

ከድምፅ ማጉያው የልጅቷ ድምፅ ወጣ፦ «ይህ ምንድን ነው፣ አባዬ?» ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ፣ መቼም የሰው የማይመስል ማቃሰት። «አ… አህ…» «ይህስ?» «አ…» ካርድ ሲገለበጥ ይሰማል። በመጨረሻ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ፣ ቅጂውም አለቀ።

ልጅቷ አባቷ ይህን እንዲሰማ አትፈልግም ነበር፤ ፊቷን ሸፈነች። ልብስ ሰፊው ግን ቀና አለ። ግንባሩን ቋጠረ። በደኅናው ጣቱ ደረቱን ጠቆመ፤ ዓይኑ ሐኪሟን ይጠይቃል።

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት» አለች ሐኪሟ። «በመጀመሪያው ወር።»

ለራሱ ምንም ለውጥ የለኝም ሲል የኖረ ሰው ነው። ያ ድምፅ የእሱ መሆኑን እንኳ አላወቀውም ነበር። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ። «ሌ… ሌላ» አለ።

ሁለተኛው ወር። «መ… መ…» ሦስተኛው ላይ፣ ጭረቱ ባለበት፣ ድምፁ ትንሽ ዘለለ፤ ሆኖም «መር» የምትል ነገር ተሰማች። «ሌላ» አለ ልብስ ሰፊው። አራተኛው ላይ መርፌ፣ መርፌ ሆነች። አምስተኛው ላይ ክር ተጨመረ። ኢንጂነሩ በሩን ተደግፎ ቆሞ ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ሚስቱ እጅጌውን ይዛለች፣ መያዟን ግን ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ስድስተኛው ተከፈተ። «ይህ ምንድን ነው፣ አባዬ?» «መርፌ።» «ይህስ?» «ክር።» «ይህስ?» ረጅም ዝምታ። «መ… መስ።»

ልብስ ሰፊው እጁን አነሣ። ሐኪሟ ድምፁን አቆመች። ፊቱ ቀላ፤ ከንፈሩን አንዴ አጠበበ፣ አንዴ አሰፋ። አበላሽቶ የሰፋውን ስፌት ፈትቶ እንደገና እንደሚሰፋ ሰው ሁለት ጣቶቹን እያገናኘና እያላቀቀ አየር ላይ ቆረጠ።

«መ» አለ። «መ… ቀ… ስ።» ትንፋሹን ሳበ። «መቀስ።» ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው በንቀት እያየ፣ «መስ… አይ… አይደለም። መቀስ!»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። ሐኪሟ ወደ ኃላፊው ዞረች፤ ልትናገር ስትል እሱ ቀደማት።

«ይቀጥላሉ» አለ ኃላፊው። «እስከሚቀጥለው ግምገማ ቦታው የእርስዎ ነው፣ አባባ። ይህን እኔም ሰማሁት።» ወረቀቶቹን ሰበሰበና ብድግ አለ፤ ምሳ ሰዓቱ አልፏል።

ልብስ ሰፊው ግን አልተነሣም። ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ በየቅጂው የቀሩት ስህተቶች ሁሉ ሳይታረሙ እንዳይታለፉበት፣ ድምፅ ማጉያውን አመለከተ።

«ከ… መጀመሪያ» አለ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወንበሩን መልሶ ሳበና ተቀመጠ።